የእኅተማርያም ንግሥቶች ወደ ሮቤ ሲወርዱ

ጎባ ውስጥ የእንግሊዝ ንግሥቶች አንድ ባለቤት ብቻ ነበራቸው፤ እኒያም መምህርት እኅተማርያም ኃይለመስቀል ናቸው። ጉዳዩ ለንግሥቶቹ አልተነገራቸውም። ቢነገራቸውም ኖሮ ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ በቀር አቤት የሚሉ አልነበሩም፤ መምህርቷ ከገዛ ባሎቻቸው ይልቅ አክብረዋቸዋል፣ ሲያስፈልግም ከታሪክ ጸሐፊዎች አፍ ተከራክረው አስጥለዋቸዋል።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በ1957 ዓ.ም. ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ስትጎበኝ፣ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባታቸው ሥዕሏ የወጣበትን ጋዜጣ ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የስድስት ዓመቷ እኅተማርያም ጋዜጣውን ትክ ብላ አየችና፣

«ይህ ከኋላዋ የሚከተላት ሰውዬ ማነው?» አለች።

«ባሏ ነው።»

«ለምን ከኋላ ይሄዳል?»

«ንግሥት ስለሆነች ነዋ።»

ልጅቱ ቀና ብላ እናቷን አየች። እናቷ ገበያ በወጡ ቁጥር ዘንቢሉን አንጠልጥላ ከአባቷ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ትከተላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እኅተማርያም በታሪክ ውስጥ የፈለጉት ባሏን ከኋላዋ ያስከተለችን ሴት ነው። ራሳቸው አላገቡም። ከተማው ጥፋቱን በድንግሊቱ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ላይ ይጥላል፤ እሳቸው ግን ለጋብቻ የመጣው ሁሉ ፊት ፊት መሄድ የሚወድ ሆኖ ነው ይላሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት በነበሩበት ዘመን፣ መጽሐፉ ለእንግሊዝ ንግሥቶች ግማሽ ገጽ ሲሰጥ እሳቸው አንድ ወር ይሰጡ ነበር። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ መጥቶ «አክሱም እስካሁን አልተነካም እኮ» ቢላቸው፣ «አክሱም ባለበት ቆሞ ይጠብቀናል። ይህቺ ልጅ፣ ኤልሳቤጥ፣ ግን በእኅቷ በሜሪ ትእዛዝ ዛሬ ወኅኒ ልትወርድ ነው፤ እንዴት አድርጌ ትቻት ልሂድ?» ብለው መለሱት። ዘውድ ሳትደፋ የቀረችው ማቲልዳ ነጭ ለብሳ በበረዶው ላይ ከከበባ ያመለጠችበትን ሌሊት ሲያስተምሩ ክፍሉ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን ውርጭ ለሚያውቅ ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ተረት አይደለም። የስምንተኛው ሄንሪ የመጨረሻ ሚስት ካትሪን ፓር ከባሏ ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራክራ ልትታሰር ስትል፣ «የተከራከርኩህ ካንተ ልማር ብዬ ነው» ብላ አንገቷን ያተረፈችበትን ቃል ደግሞ በጎባ ያላገቡት እንኳ በቃላቸው ይዘውታል፤ ያገቡት ሠርተውበታል። ለአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ መልስ ያልሰጠችውን ቪክቶሪያን ግን መምህርቷ እስከ ዛሬ አኩርፈዋታል። ኩርፊያውም እንደ ጎረቤት ኩርፊያ ነው። ተማሪው ሁሉ «እርስዎ» የሚላቸው ሴት ንግሥቶቹን «አንቺ» ብለው ነው የሚጠሯቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ንግሥቶቹ አብረዋቸው ጡረታ አልወጡም። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለችው ጠባብ አዳራሽ፣ ለጎባ ሴቶች አንዲት ንግሥት ይነግራሉ። ነርሷ፣ ባለ ሱቋ፣ የጸሐፊው ሚስት፣ ከሐኪም ቤት ቀጠሮ የተረፈችው ሁሉ ትመጣለች። አርፍዳ የመጣች ሴት ግን በር ላይ የመምህርቷ አንድ እይታ ይቀበላታል፤ ከዚያ በኋላ አታረፍድም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው ጉልበታቸው ነው። የአዳራሹን ደረጃ ሲወጡ ያስጨንቃቸው ጀመር፤ ክረምት ሲገባም ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። ሁለተኛው ሞሚና ናት።

ሞሚና አብዱልመሊክ የገዛ ተማሪያቸው ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ተማረች፤ ከዚያም ሮቤ ተመልሳ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ያዘች። ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ያረፈች ጊዜ፣ ሱቁ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ቀብሩን የሚያዩ ገበያተኞች «ይህቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ዘመን የነገሠችው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሞሚናም ነገረቻቸው። በሳምንቱ እሑድ እነዚያው ሴቶች ሌሎች ሴቶችን አስከትለው መጡ፤ ጨርቅ ሊገዙ ግን አልነበረም። እነሆ ዛሬ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ገርበብ አድርጋ፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀች፣ የእንግሊዝን ንግሥቶች ትናገራለች። ከጎባም ጭምር በሚኒባስ እየወረዱ የሚሰሟት በዙ። የቅዳሜዋ አዳራሽ ግን ሳሳች።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጌታነህ ትሑት ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። በአንድ ዓርብ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡና፣ ለቅዳሜው ምትክ ሰው እስከ ሰኞ ካልተሰየመ አዳራሹ ለጠየቁት ለጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች እንደሚሰጥ ለመምህርቷ ነገሯቸው።

በዚያው ማምሻ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ምኞት በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ወይዘሮ ምኞት ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ጨምሮ አንድም ቅዳሜ ያልቀሩ ወዳጅ ናቸው።

«ጌታነህ ባርኔጣውን አውልቆ ሲገባ አይቼዋለሁ። ምን አለሽ?»

«ወራሽዎን ይጥሩ አለኝ። ያውም በቁሜ!»

«ታዲያ ጥሪያ።»

«ማንን ልጥራ?»

«እሱንማ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ የሮቤ ሚኒባስ ሾፌሮችም ያውቃሉ።»

«ስሟን እንዳትጠሪብኝ።»

«መች ጠራሁ? ፊትሽ ላይ ተጽፎ እያነበብኩት ነው እንጂ።»

«እሷ ጨርቅ ሻጭ ናት።»

«ያስተማርሻትስ ማነሽ?»

 ወይዘሮ ምኞት በአጥሩ ላይ ክርናቸውን አመቻቹ።

«ቀዳማዊቷ ኤልሳቤጥም እንዲሁ አልነበረች? ወራሽሽን ንገሪን እያሉ ሲለምኗት እስከ መሞቻዋ አፏን ለጉማ ኖረች። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ኤልሳቤጥ ምክንያት ነበራት። ወራሹ የታወቀ ዕለት ሰው ሁሉ ፊቱን ወደምትወጣው ፀሐይ ያዞራል ብላ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጉልበቴ ነው።» ከዚያም ነገሩን ለመቀየር ያህል፣ «እሑድ የት ነሽ?» አሉ።

«እኔ? ጎሮ ነኝ፤ የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ» አሉ ወይዘሮ ምኞት፣ ዓይናቸውን ወደ ጎመኑ መደብ እየመለሱ።

የቅናት ባሕርይ ከጉልበት ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ቁጭ ሲሉ ይጠዘጥዛል፣ ሲነሡ ይወጋል። መምህርቷ ቅዳሜን ሙሉ ተጠዝጥዘው ዋሉ። ያቺ ልጅ ኦሮምኛ እየቀላቀለች ስትናገር ሴቶቹ እንደሚስቁ ሰምተዋል። እሳቸው ጋ ማንም ስቆ አያውቅም፤ ታሪክ የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ደግሞም ዘመን ታቀላቅል ይሆናል፤ ሁለቱን ሜሪዎች ታምታታ ይሆናል። አንዲት ስሕተት! አንዲት ስሕተት ቢያገኙ ሰኞ ጠዋት ለጌታነህ «እንዲህ ላለች ሰው አዳራሽ አይሰጥም» ለማለት ይበቃቸዋል።

ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወፍራሙን የሱፍ ሻል አወጡ፤ ከግንባር እስከ አፍንጫ ተጠቅልለው ዓይናቸውን ብቻ አስቀሩ። ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ የተጠቀለለ ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ባሌ ውስጥ ግን ብርድ ሁሉንም ይቅር ያሰኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ዛሬ የማንን ትነግረን ይሆን?»

«የማንንም ትንገረን። የባለፈውን ለባሌ ብነግረው ራቱን ረሳ እኮ!»

«እዚሁ ጎባም አንዲት አለች ይላሉ። አዋቂ ናት አሉ።»

«አዋቂስ ነበረች። ግን ታስፈራለች።»

መምህርት እኅተማርያም በሻላቸው ውስጥ ሆነው ሁለቱንም ሴቶች በሐሳባቸው ክፍል ውስጥ አስገብተው ለቅጣት አቆሟቸው። በዚህ ዓይነት ቆመው ሮቤ ገቡ።

የሞሚና ሱቅ ረጅምና ጠባብ ነው። ሴቶቹ በጨርቅ ጥቅሎች ላይ፣ በተደፋ ሳጥን ላይ፣ የተረፉትም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ጥግ መረጡ። ከዚያ ሆነው ሲያዩ፣ ከሁሉ ፊት፣ ከሞሚና ጉልበት ሥር፣ ወይዘሮ ምኞት ቆሏቸውን በመሐረብ ቋጥረው ተደላድለው ተቀምጠዋል። ጎሮ ከሮቤ በስተ ምሥራቅ ያለ ከተማ መሆኑን መምህርቷ ከመቶ ተማሪዎች በላይ አስተምረዋል፤ ሮቤ መሐል የጨርቅ ሱቅ ውስጥ መሆኑን ግን ገና ዛሬ ሰሙ።

ለቁጣው ግን ጊዜ አልተሰጣቸውም። እዚህ አገር ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም፤ መራቂውም በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆነው ነው። የዘወትሯ መራቂ አዴ ሽቶ ዛሬ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። ሴቶቹ ግራ ቀኝ ተያዩ፤ ከዚያም የሁሉም ዓይን ከበሩ ጀርባ ባለው ሻል ላይ ዐረፈ።

«አዮ፣ ኑ ኤቢሳ!» አለች ለሊሴ የምትባል ወጣት ሴት በአክብሮት ዝቅ ብላ። «እናታችን፣ ይመርቁን።»

 እምቢ ማለት አይቻልም፤ ምርቃት የከለከለ እንደ ረገመ ይቆጠራል። በግማሽ ልብ መመረቅ ደግሞ ይብሳል፤ ከልብ ያልወጣ ምርቃት ተመልሶ የመራቂውን ቤት ይመታል ይባላል። የታሪክ መምህርት እንዲህ ባለው ነገር አታምንም። ጎባ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን አይደፍረውም። እሳቸው ሁለቱንም ናቸው። ከንግሥቶቻቸው መካከል የምትረዳቸውን ፈለጉ፤ አጡ። ኤልሳቤጥ በባላንጣዋ በስኮትላንዷ ሜሪ የሞት ፍርድ ላይ ፈርማለች፤ ነገር ግን በሴቶች ፊት ቁሚና ሜሪን መርቂ ያላት ሰው የለም።

ቆሙ። ድምፃቸውን አሳንሰው በኦሮምኛ ጀመሩ።

«ረቢ ኢስን ሃ ኤቢሱ።» ፈጣሪ ይባርካችሁ።

«አሚን!» አለ ሱቁ ሙሉ፤ መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። አሚኑ ያልጠበቁትን ያህል ከባድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ባለ አንድ ድምፅ የመለሰላቸው ሰው የለም።

«ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ» አሉ፤ ሳያስቡት አማርኛ ሆነ።

«አሚን!»

«ብርዱን ያሳልፍላችሁ። ቤታችሁን ሰው አያሳጣው።»

«አሚን!»

አሁን የቀረችው ተናጋሪዋ ናት። ሁሉም ይጠብቃል። ሞሚናም ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ እንደ አንዲት ልጅ ትጠብቃለች። መምህርቷ ጤና ሊመርቁላት አሰቡ፤ ጤናዋ ሙሉ ነው። ሀብት ሊመርቁላት አሰቡ፤ ሱቁን አዩት። ከልብ መሆን ካለበት ልባቸው ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለራሳቸው ነበር የሚፈልጉት።

«ለምትናገረውም» አሉ፤ የክፍል ድምፃቸው፣ ያ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማው ድምፅ፣ ሳያዙት ወጣ። «ለምትናገረውም ሰሚ አያሳጣት።»

አሚኑ ጣራውን ነካ። ሞሚና ግን አሚን አላለችም። ቀና ብላ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ቲቸር?»

የወይዘሮ ምኞት ቆሎ ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

«አንቺ ቆሎሽን ልቀሚ» አሉ መምህርት እኅተማርያም፣ ሻሉን ከአፍንጫቸው እያወረዱ። «ጎሮ ድረስ ተሸክመሽው ሄደሽ ስታበቂ እዚህ አይፍሰስ።»

ሳቅ ሆነ። ሞሚና ግን አልሳቀችም፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ተማሪ ሳለች ጥያቄ ሲከብዳት እንደምትቆመው ቆማለች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ባሉበት እንዴት ብዬ እናገራለሁ? እርስዎ ይንገሩን።»

«ይንገሩን፣ ይንገሩን» አሉ ሴቶቹም፤ ደግ ሴቶች ናቸው።

በዚያች ቅጽበት ጉልበታቸው እንኳ ተሻላቸው። ይህን ያህል ጆሮ በአንድ ቦታ ካዩ ቆይተዋል። አንድ እርምጃ ተራመዱም። ነገር ግን ምርቃቱ ከአፋቸው ከወጣ ገና ደቂቃ አልሞላውም፤ ለተናጋሪዋ ሰሚ መርቀው ሰሚዎቿን መልሰው ሊወስዱ ነው?

«መርቄሻለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «አሁን ብትቀመጪ ምርቃቴን የት ላስቀምጠው? ተናገሪ።»

ሞሚና ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የዛሬዋ ንግሥት... አን ናት።»

መምህርት እኅተማርያም በልባቸው ደስ አላቸው። አን! ከሁሉም የደከመችው፣ እግሯ አብጦ ዘውድ ልትደፋ ስትሄድ በወንበር የተሸከሟት፣ እሳቸው በዘመናቸው ሁሉ ሩብ ሰዓት ብቻ የሰጧት አን። ከዚህች ሴት ምን ይወጣል?

ሞሚና በቀስታ ጀመረች። «ሴት ስትወልድ እኛ ምን እናደርጋለን?»

«ማርቃ እናገነፋለን!» አሉ ሴቶቹ ስለ ገንፎው።

«ለአን እኛ ጎረቤቶቿ ብንሆን ኖሮ አሥራ ሰባት ጊዜ ውሃ እንጥድላት ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ ፀነሰች። ውሃው ይፈላል፣ ዱቄቱ ይነፋል፤ ከጓዳ የሚመጣው ግን እልልታ አይደለም። ውሃውን ደፍተን፣ አንገታችንን ደፍተን ወደየቤታችን። ሁለት ሴቶች ልጆች ትንሽ ቆይተው ነበር፤ ፈንጣጣ ወሰዳቸው። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቆመላት፤ ዊልያም። እሱንም አሥር ዓመት ሲሆነው ቀበረችው። ዘውዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የምታወርሰው ልጅ ሳይኖራት። ከእኛ መሐል ብትሆን ያገቡ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን፣ የክብር በትራቸውን፣ ይዘው ደጇ በቆሙላት ነበር። እዚያ ግን ሐኪሞች ነበሩ፣ መኳንንት ነበሩ፤ በር ላይ የሚቆም አልነበረም።»

አሥራ አንድ! መምህርት እኅተማርያም ስሕተቷን አገኟት። ልጁ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። የመጡበት ነገር በእጃቸው ገባ። አፋቸውንም ከፈቱ፤ ያኔ አጠገባቸው የተቀመጠችው ለሊሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አዩ። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት። ቅናቱም ሌላ መልክ ያዘ፤ የሰሚ ብዛት ቅናት መሆኑ ቀረና፣ እኔ እንዴት ይህን ሳላየው ሠላሳ ዓመት አለፍኩት የሚል፣ ከመጀመሪያው የከፋ ቅናት ሆነ።

ሞሚና ቀጠለች። አን ሳራ የምትባል ወዳጅ ነበረቻት፤ አዋቂ፣ ምላሰኛ፣ ንግሥቲቱን እንደ ልጅ የምትገሥጽ። አንዲት ድኻ ዘመዷን አቢጌልን ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባችው ሳራ ራሷ ናት። አቢጌል ዝምተኛና ለስላሳ ነበረች፤ ቀስ በቀስ የንግሥቲቱ ልብ ወደ እሷ አዘነበለ፤ ሳራም ቁጣዋ ራሷን አባረራት። ወይዘሮ ምኞት በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብለው መምህርቷን አዩ፤ አይተውም በቶሎ ተመለሱ። ሞሚና ግን ምንም አላሰበችም፤ ስለ ሳራ እያዘነች ነበር የምትናገረው፤ ይህ ደግሞ ለመምህርቷ የበለጠ ያማል።

ሲያልቅ ሞሚና እስከ ሚኒባሱ ማቆሚያ ልትሸኛቸው ወጣች፤ ወይዘሮ ምኞትም እንደ ጥፋተኛ ከኋላ ይከተላሉ።

«ቲቸር፣ ስሕተት ነበረብኝ አይደል?»

«ነበረብሽ። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር።»

«አስተካክላለሁ።»

«አን! ስንት ንግሥት እያለች ለምን እሷን መረጥሽ?»

ሞሚና መሬት መሬት እያየች መለሰች። «ሌሎቹንማ እርስዎ ጨርሰዋቸዋል፤ እነሱን ስናገር የእርስዎን ድምፅ እሰማለሁ። አንን ግን ሩብ ሰዓት ነው የሰጧት። ክፍል ውስጥ ደወል ተደወለና ሳይጨርሷት ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሬ ቀሪውን ስፈልግላት ነበር።»

መምህርት እኅተማርያም ስልካቸውን አወጡ። 

«ጌታነህ? ... ደኅና ነኝ። የቅዳሜውን ሰው ሰይሜያለሁ። ሞሚና አብዱልመሊክ... አዎ፣ የሮቤዋ... ኧረ አልታመምኩም! ባርኔጣህን መልሰህ አድርግ። ... አንድ ነገር ብቻ፤ ከፊት ለፊት መደገፊያ ያለው ወንበር እፈልጋለሁ፤ ለእኔ።»

የሞሚና ፊት ከደስታ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። «ቲቸር፣ ከፊቴ ተቀምጠው እንዴት እናገራለሁ?»

«ምርቃቱ ሰሚ አያሳጣሽ ነው የሚለው» አሉ መምህርት እኅተማርያም ሚኒባሱ ላይ እየወጡ፤ «ምን ዓይነት ሰሚ እንደሆነ አይናገርም።»

ወይዘሮ ምኞት ተከትለው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።  ሚኒባሱ ከሮቤ ወጥቶ የስንዴውን ማሳ መሰንጠቅ ሲጀምር መምህርቷ ዞሩ።

«ስሚ፤ እኔ ብሆን በዚያ አልጀምርም ነበር። እኔ ብሆን ዘውድ ልትደፋ በወንበር ተሸክመዋት ከምትሄድበት ነው የምጀምረው። ሕዝቡ እግሯን ያያል፤ እሷ ግን የምታስበው...»

ጀመሩ። መንገዱ እየወጣ፣ ብርዱም እየጨመረ፣ አንን ከወንበሯ አንሥተው እስከ ዊልያም መቃብር አደረሷት። ከዚያ ትንፋሽ ለመሳብ አረፍ አሉና፣

«እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ምኞት አንድ ፍሬ ቆሎ ቆረጠሙ። ለአንድ እሑድ በቂ ዋሽተዋል።

«የሞሚና ይበልጣል» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ መምህርት እኅተማርያም። «አሁን ዝም ብለሽ ስሚ፤ ገና አልጨረስኩም።»